የቱርኩዋዝ ጌጥ ንግድ ስያሜዎችና «እውነተኛ» የሚለው ቃል

ቱርኩዋዝ የመዳብና የአሉሚኒየም ፎስፌት ከውሀ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መልክ ያለው የከበረ ድንጋይ ነው። ስሙ በፈረንሳይኛ «የቱርክ ድንጋይ» ማለት ቢሆንም፣ የሚያመለክተው ወደ አውሮፓ የገባበትን የንግድ መንገድ እንጂ የተገኘበትን ስፍራ አይደለም፤ በጥንታዊነቱ የታወቀው ማውጫ የኢራኑ ኒሻፑር ነው። «ሰንፔር» የሌላ ሰማያዊ ድንጋይ ስም ስለሆነ፣ በአቻነት ልንቀበለው አንችልም።

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ በተለይም በኒው ሜክሲኮና በአሪዞና፣ የናቫሆና የዙኒ አንጥረኞች ይህን ድንጋይ ከብር ጋር ይሠሩታል። በዚያ ያለ አንድ አነስተኛ ሱቅ በጌጡ ላይ የሚያንጠለጥለው የዋጋ ወረቀት ለተርጓሚ ቀላል መስሎ ይታያል። ችግሩ «እውነተኛ» ከሚለው ቃል ይጀምራል።

ቱርኩዋዝ በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 ሲሆን፣ ቀዳዳማ ስለሆነ ላብና ቅባት ይመጣል። ለስላሳው ዓይነት እንዳይፈረፈር ፈሳሽ ሙጫ እንዲጠጣ ይደረጋል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ቱርኩዋዝነቱን አያጣም፤ ዋጋው ግን ሙጫ ካልነካው እኩል አይደለም። እንግዲህ «እውነተኛ» ብሎ ዝም ያለ ሻጭ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ሸሽጓል። ቃሉ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ይገልጻል እንጂ ምን እንደተደረገበት አይገልጽም።

ስለሆነም የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

1. ያልተለወጠ፦ ከመቁረጥና ከመወልወል በቀር ምንም ያልተደረገበት።
2. ሙጫ የጠጣ፦ ለጥንካሬ ሲባል ሙጫ የገባበት። «የታከመ» የባዕድ ቃል ግልባጭ ነው፤ «የተሻሻለ» ደግሞ ዕቃውን ያሞግሳል እንጂ አይገልጽም።
3. ቀለም የተነከረ፦ መልኩ በማቅለሚያ የደመቀ።
4. ከዱቄት የተሠራ፦ የድንጋዩ ብናኝ በሙጫ ተለውሶ የጠነከረ።
5. አስመሳይ፦ ሌላ ነገር ሆኖ ቱርኩዋዝ የሚመስል፤ ለምሳሌ ሰማያዊ የተነከረ ነጭ ሃውላይት።

«ሰው ሠራሽ» የሚለውን ለአስመሳይ መጠቀም አይገባም፤ በሙያው ይህ ስያሜ የተፈጥሮውን ድንጋይ ይዘት ይዞ በቤተ ሙከራ ለተፈጠረው ብቻ ነው።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የጌጣጌጥ መመሪያ፣ በድንጋዩ ላይ የተደረገው ነገር ዋጋውን በጉልህ የሚለውጥ ከሆነ ለገዢው እንዲነገር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የነባር ሕዝቦች የእጅ ሥራ ሕግ ደግሞ የሌላውን ሥራ የነርሱ አስመስሎ መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ የሠሪው እውነተኛነትና የድንጋዩ እውነተኛነት በየራሳቸው ቃል መገለጽ አለባቸው።

ቋንቋችን ለዚህ እንግዳ አይደለም። «ወርቅ» እና «ወርቅ ቅብ» ከለየን ቆይተናል፤ ቅቡን «ወርቅ» ብሎ የሸጠ ሰው አታላይ ይባላል። ተርጓሚም የሁለቱን ዓይነት ድንጋይ ልዩነት በአንድ «እውነተኛ» ቢያጠፋው፣ ገዢው የሚከፍለው ለማያውቀው ነገር ይሆናል።