የፅንስ ፆታ በእናት ደም ውስጥ

የፅንስ ፆታ የሚወሰነው የአባት ዘር ከእናት እንቁላል ጋር በሚዋሃድበት ቅጽበት ነው። ከእናት ምንጊዜም ኤክስ ክሮሞዞም ይመጣል፤ ከአባት ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ ይፀነሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ውስጥ የታወቀው ኤስአርዋይ የተባለው ዘረመል የሚገኘው ዋይ ላይ ሲሆን፣ ፅንሱ የወንድ የዘር ፍሬ እንዲያበጅ ትእዛዝ የሚሰጠውም እሱ ነው።

ሳይወለድ ፆታን በሕዋስ ለመለየት የተቻለው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1956 የኮፐንሃገን ሐኪሞች ፉክስና ሪስ ከሽርት ውሃ የቀዱትን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ አዩ። የፈለጉት ዋይን አልነበረም፤ በሴት ሕዋስ ውስጥ ብቻ የምትታየውን ጠቆር ያለች ነጥብ ነበር። ነጥቧ ከታየች ሴት፣ ካልታየች ወንድ። ዘዴው ግን መርፌን በሆድ በኩል እስከ ማህፀን ማስገባት ይጠይቅ ስለነበር፣ ትንሽም ቢሆን የውርጃ ስጋት ነበረው።

ይህን ስጋት ያስቀረው ግኝት የመጣው በ1997 ነው። ዴኒስ ሎ የተባሉት የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ሐኪም በእናት ደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የፅንስ ሕዋሳትን ለዓመታት ሲያድኑ ቆይተው ነበር፤ ሕዋሳቱ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። የዕጢ ዲኤንኤ በካንሰር ሕሙማን ፕላዝማ (ፈሳሹ የደም ክፍል) ውስጥ እንደሚገኝ ሲያነቡ ሐሳባቸው ዞረ፤ ዕጢ ይህን ካደረገ እንግዴ ልጅስ? ሕዋሱን ትተው ብዙዎች ይደፉት የነበረውን ፕላዝማ መረመሩ። ወንድ ባረገዙ ሴቶች ፕላዝማ ውስጥም የዋይ ቁርጥራጮችን አገኙ።

ቁርጥራጮቹ በአብዛኛው የሚመነጩት ከእንግዴ ልጁ ነው። ከ10ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በፕላዝማው ውስጥ ከሚንሳፈፈው ዲኤንኤ በአማካይ 10 በመቶ ያህሉ የፅንሱ ድርሻ ነው። ከወሊድ በኋላ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ያለፈ እርግዝና የአሁኑን ውጤት አያዛባም።

በቤተ ሙከራ ደሙ በማሽን ተሽከርክሮ ፕላዝማው ይለያል፤ ከዚያ የዋይ ቁርጥራጭ ይፈለጋል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «ወንድ» የሚለው መልስ በተገኘ ነገር ላይ ይቆማል፤ «ሴት» የሚለው ግን በቀላሉ ዓይነት ምርመራ ዋይ ከመጥፋቱ ብቻ የተገመተ ነው፣ ልክ የኮፐንሃገኑ ተገልብጦ። ደሙ ቀድሞ ከተቀዳ የፅንሱ ዲኤንኤ ገና ስላልበዛ ወንዱ «ሴት» ሊባል ይችላል፤ ከ7ኛው ሳምንት በፊት የሚደረግ ምርመራ የማይታመነውም ስለዚህ ነው። ሰፋ ያሉት ምርመራዎች የፅንሱን ድርሻ ጭምር ስለሚለኩ፣ ድርሻው ካነሰ መልስ ከመስጠት ይታቀባሉ። የእናት ክብደት ከፍ ሲልም ይህ ድርሻ ይቀንሳል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። መንታ ተፀንሶ አንዱ ወንድ ቀድሞ ከጠፋ፣ የእሱ ዲኤንኤ ቀሪዋን ሴት «ወንድ» ሊያሰኛት ይችላል። እናቲቱ ከወንድ ለጋሽ ኩላሊት ተቀብላ ከሆነም እንዲሁ። ቤት ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ደግሞ የባል ወይም የወንድ ልጅ እጅ ንክኪ ይበቃል።

ምርመራው ለሕክምና ትልቅ ጥቅም አለው። ደም አልረጋ የሚልበት ሂሞፊሊያና ጡንቻን የሚያመነምነው የዱሼን ሕመም በኤክስ የሚተላለፉና በዋናነት ወንዶችን የሚያጠቁ ናቸው። ሕመሙን የምታስተላልፍ እናት ፅንሷ ሴት መሆኑን በደም ምርመራ ካወቀች ብዙውን ጊዜ መርፌው ይቀርላታል።

ወንድ ልጅ በሚመረጥበት አገር ግን ያው መልስ ለሴት ፅንስ ውርጃ ምክንያት ሆኗል። ሕንድ በ1994 ሕግ አውጥታ የፅንስን ፆታ መንገርን ከልክላለች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ1987 ሐኪሞች እንዳይናገሩ አገደች፤ ሆኖም በ1990 ከ100 ሴት ሕፃናት አንፃር 116 ያህል ወንዶች ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ የወንድ ልጅ ምርጫው እየላላ ሄዶ ቁጥሩ ወደ ተፈጥሯዊው መጠን፣ ወደ 105 ገደማ ተመለሰ። ክልከላው በ2009 እስከ 32ኛው ሳምንት ብቻ ተገደበ፤ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2024 የቀረውን ሻረው።