ላይኛው ባለማሳ ታችኛውን ለምን ይፈልገዋል?

ከወልድያ ወደ ደሴ ሲኬድ በሀብሩ ወረዳ፣ መርሳና ጊራና አካባቢ የሚታየው ሽንኩርትና ማንጎ ዝናብ ብቻ ጠብቆ የሚበቅል አይደለም። ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ወንዝ ጠልፎ በቦይ ያመጣዋል። ውሃውን ቀድሞ የሚያገኘው ላይኛው ባለማሳ ነው፤ ለታችኛው የሚደርሰው ከላይ የተረፈው ነው። በበጋ ውሃው ሲቀጥን ላይኛው ያለ ተራው ወደ ራሱ ሽንኩርት ቢመልሰው ማን ይከለክለዋል?

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 በጋራ ግጦሽ ምሳሌ ተመሳሳይ ጥያቄ አንስቶ መልሱን አጨለመው፤ የጋራ የሆነ ሁሉ በየግል ጥቅም ተግጦ ያልቃል አለ።

ተመራማሪዎች ይህን በጨዋታ ፈትነውታል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ብር ያዙ እንበል። ወደ ጋራ ሣጥን ከሚገባው ከእያንዳንዱ ብር ለአራቱም 40፣ 40 ሳንቲም ይደርሳል። ሁሉም ያለውን ቢያስገባ ለእያንዳንዱ 32 ብር ይሆናል። አንዱ ብቻውን ቢሰስት ግን እሱ 44 ብር ይዞ ሲሄድ ሦስቱ 24፣ 24 ይደርሳቸዋል። ጨዋታው ሲደጋገም መዋጮው እየሟሸሸ ይሄዳል። ኤርንስት ፌርና ሲሞን ጌክተር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ተጫዋቾች ከኪሳቸው ከፍለው ስስታሞቹን መቅጣት ሲፈቀድላቸው መዋጮው አንሰራራ። ቀጪዎቹ ደግሞ ዳግም የማይገናኙ እንግዶች ነበሩ! ወሎ ውስጥ ግን ተራ የሰረቀው ሰውና የተሰረቀበት በአንድ ቅሬ (ዕድር) ቀብር ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

ለእኛ የሚቀርበው ማስረጃ ባሌ ነው። ደቬሽ ሩስታጊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 49 የደን ተጠቃሚ ቡድኖችን እንዲህ ባለ ጨዋታ ፈትነው ውጤቱን ከየቡድኑ ደን ጋር አስተያዩ። «ሌላው ካደረገ እኔም አደርጋለሁ» የሚል ሰው የበዛበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ምስጢሩ ጥበቃው ላይ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ጊዜያቸውን ሰውተው ደኑን ይዞራሉ።

ቦይ ግን ከደን ይለያል፤ ላይና ታች አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ከሮይ ጋርድነር ጋር የኔፓልን መስኖ አጥንታ ነበር። በድንጋይና በቅጠል የተሠራው ጠለፋ በየዓመቱ በጎርፍ ስለሚፈርስ ላይኛው ብቻውን አይጠግነውም፤ የታችኛው ጉልበት ያስፈልገዋል። ታችኛውም «ውሃ ካልደረሰኝ አልወጣም» ማለት ይችላል። ለእኔ የመተባበሩ ሞተር ከደግነት ይልቅ ይህ ድርድር ነው። ጠለፋው በሲሚንቶ ሲሠራና የጥገናው ሥራ ሲቀር ግን የታችኛው አቅም ይቀንሳል፤ ውሃው ላይ ሊቀር ይችላል።

ይህ እኛንም ይመለከታል። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ተራ የሚደለድለው፣ ለቦይ ጠረጋ የሚጠራውና የቀረውን የሚያስቀጣው በገበሬዎቹ የተመረጠው የውሃ አባት ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ለመሰል ሥራ ሕጋዊ ማኅበር አምጥቷል፤ ዘመናዊ ጠለፋም እየተስፋፋ ነው። መሐንዲሱ ስንት ሄክታር እንደሚለማ ያሰላል፤ ከግንባታው በኋላ ላይኛው ታችኛውን ለምን ጉዳይ እንደሚፈልገው ግን የሚያሰላ ጥቂት ነው።

በእርግጥ ሲሚንቶ ደለልን አያስቀርም። ክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቦዩን ይሞላዋል፤ ጠረጋው ብዙ እጅ ይጠይቃል። ታችኛው ባለማሳ አካፋውን ይዞ ስለ ተራው መደራደር የሚችለው ያኔ ነው።