ያውቁ ኖሯል? አደይ አበባ አንድ አበባ አይደለም

በመስከረም ጋራ ሸንተረሩን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። አንዷን ቀጥፎ በአጉሊ መነጽር ለተመለከተ ሰው፣ ዳር ላይ የተዘረጋው እያንዳንዱ ቢጫ ምላስ ራሱን የቻለ አበባ ነው። ወደ ውጭ ብቻ ስለተለጠጠ ግራና ቀኙ ቢመሳሰልም የውጭና የውስጥ ወገኑ አይገጥምም። መሃል የታጨቁት ግን ጫፋቸው አምስት ቦታ የተከፈለ፣ ዙሪያቸው እኩል የሆነ ትናንሽ ቱቦዎች ናቸው። የዳሮቹ ነፍሳትን ይስባሉ፤ ዘር የሚያፈሩት የመሃሎቹ ናቸው።

ቅርጻቸውን የሚለየው በስብስቡ ውስጥ የያዙት ቦታ ነው።

አንቲሪነም የተባለው የጌጥ ተክል ይህን በግልጽ ያሳያል። አበቦቹ ከዘንጉ ጎን ስለሚወጡ ላይኛና ታችኛ ከንፈር አላቸው። በዘረመል ለውጥ ምክንያት የዘንጉ ጫፍ ራሱ ሲያብብ ግን የጫፉ አበባ ዙሪያውን እኩል ሆኖ ይፈካል፤ በጫፍ ላይ ላይና ታች የለምና። የላይኛውን ወገን ከታችኛው ለመለየት የሚያስፈልገው ሳይክሎይዲያ የተባለው ጂን በ1996 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆኗል።

እንደ አደይ ሁሉ የጥቃቅን አበቦች ስብስብ በሆነው በሱፍ አበባ ውስጥም የዚህ ጂን ዘመድ አለ። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎ በ1888 እ.ኤ.አ. እንደሣላቸው ያሉ ድርብርብ የሱፍ አበቦች የሚፈጠሩት ጂኑ ከዳር አልፎ መሃል ላይም ሲሠራ መሆኑን የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ደርሰውበታል።