ስለ ጠጉር ልብስና ስለ ለስላሳ ወንበር አጠራረግ፤ የእጅ መሣሪያ አመራረጥ

የቤት ክብር ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የመቀመጫው ንጽሕና ነው። እንግዳ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የባለቤቱን ፊት፣ ቀጥሎም የሚቀመጥበትን ስፍራ ያያል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መቀመጫን የሚያበላሸው እድፉ ሳይሆን እድፉን ለማስለቀቅ የተያዘው መሣሪያ መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። እድፍ የነካውን ልብስ የሚያውቅ እጅ ያነጻዋል፤ በሻካራ ብሩሽ ተፍቆ ጠጉሩ የተነቀለውን ግን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ቤት ለሚያስተዳድሩ ሁሉ፣ ይህንም ሥራ መተዳደሪያቸው ላደረጉት ባለሙያዎች ይጠቅማል ብለን፣ የመሣሪያውን አመራረጥና አያያዝ በዛሬው ጽሑፋችን እናመለክታለን።

የጠጉር ልብስ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው መንዝ ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚጠራው አገር ከጎረቤቱ ከግሼ ጋራ ብርዱ የበረታ ደጋ ነው። የጓሳው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ብርድ የሚኖረው የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራና ጠንካራ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፤ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ከዚያም ሸማኔ ባናና ዝተት አድርጎ ይሠራዋል። መኳንንቱ ይደርቡት የነበረው ጥቁር በርኖስም የዚሁ የጠጉር ሥራ ወገን ነው። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ በኋላ እንኳ የእጁ ሥራ አልቀረም። አንድ ባና ከበጉ ጀርባ ተነሥቶ አልጋ ላይ እስኪነጠፍ ድረስ የብዙ ሰው ድካም አለበት። ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ በፈላ ውኃና በሽቦ ብሩሽ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

የጠጉርን ጠባይ ያላወቀ መሣሪያውን ሊመርጥ አይችልም። የበግ ጠጉር እንደ ጥጥ ከተክል የተገኘ አይደለም፤ እንደ ሰው ጠጉርና እንደ ጥፍር ያለ ነገር ነው። እያንዳንዱ ጠጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ እጅግ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉበት። ውኃው ሲሞቅ፣ ሳሙናው ሲበረታና እጁ ሲፈትግ ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ልብሱም ይኮማተርና ይጠጥራል። ይህ ከሆነ በኋላ ቢጎትቱትም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም። በረኪናም ጠጉርን ያቢጫል፤ ሲበረታበትም ጨርሶ ያሟሟዋል። ደግሞም ጠጉር የክብደቱን ሢሶ የሚያህል እርጥበት በውስጡ ይዞ ሳለ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ደርቋል ተብሎ የታጠፈ ባና በሣጥን ውስጥ ሻጋታ ያወጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፤ መሣሪያ የሚመረጠው በእድፉ ብርታት ሳይሆን በልብሱ ጠባይ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ እድፉ ሲጠነክርበት ብሩሹንም ያጠነክራል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ደረቁ ሥራ ሳያልቅ እርጥቡ አይጀመርም የሚል ነው። አቧራ ውኃ ሲነካው ጭቃ ይሆናልና፤ ጭቃም ከአቧራ ይልቅ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ለደረቁ ሥራ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ለባናና ለዝተት ገመድና የተላገ ቀጭን ዘንግ ይበቃል። ልብሱ በገመድ ላይ ይሰጣና በጀርባው በኩል በዝግታ ይመታል፤ በፊት ለፊቱ የመታው አቧራውን መልሶ ያገባዋል። ከዚያም ከፈረስ ጭራ ወይም ከሌላ ለስላሳ ጠጉር በተሠራ ብሩሽ ጠጉሩ በተኛበት መንገድ ይጠረጋል። ይህ ሥራ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ልብስ የሚበላው ብል እንቁላሉን የሚጥለው በልብሱ ስፌትና እጥፋት ስለሆነ፣ ብሩሽና ፀሐይ ከብል ይጠብቃሉ። አጎዛ ሲሆን በብሩሽ ፋንታ ጥርሱ ሰፋ ያለ ሚዶ ይያዝ፤ ቆዳው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅም ውኃ ውስጥ አይነከር።

በጥጥ ወይም በሌላ ነገር የተሞላ ለስላሳ ወንበር ግን እንደ ባና አይመታም፤ ሙላቱ ይሰባበራል፣ አቧራውም ወደ ውስጥ ይሸሻል። ይልቁንም በውኃ ተነክሮ እጅግ የተጨመቀ ነጭ ጨርቅ በወንበሩ ላይ ይነጠፍና በመዳፍ በቀስታ መታ መታ ይደረጋል። አቧራው ወደ ጨርቁ ይወጣል። ለእጥፋቱና ለአዝራሩ ዙሪያ ቀጭን ለስላሳ ብሩሽ ያስፈልጋል። ከፋይ የለበሰ ወንበር ሲሆን ብሩሹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ፤ ወዲያና ወዲህ የተፈተገ ከፋይ ጠጉሩ ይሰበርና የማይጠፋ ጥላ ይይዛል።

ወደ እርጥቡ ሥራ ሲገባ ከሁሉ የሚቀድመው መሣሪያ ያልተቀለመ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። ነጭ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው፤ የራሱን ቀለም ለወንበሩ አያስተላልፍም፤ ምን ያህል እድፍ እንደ ወጣም ያሳያል። አስቀድሞ በማይታይ ስፍራ፣ በወንበሩ ጀርባ ወይም በታችኛው ጠርዝ፣ ጨርቁን አርጥቦ ጥቂት ደቂቃ ተጭኖ መፈተን ይገባል። የወንበሩ ቀለም ወደ ጨርቁ ከተላለፈ ሥራው በውኃ አይደረግም። የመንዝ ባና ብዙ ጊዜ የበጉን የተፈጥሮ ቀለም፣ ማለት ጥቁሩን፣ ቡናማውንና ነጩን እንደያዘ ስለሚሠራ ከዚህ አደጋ ይድናል፤ የተቀለመው ግን ይፈተን።

ከውጭ አገር በመጡ ወንበሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከመቀመጫው በታች የተሰፋ ምልክት ይገኛል። ደብልዩ የሚለው ፊደል በውኃ ማጽዳት የተፈቀደ መሆኑን፣ ኤስ የሚለው ውኃ በሌለበት ማሟሚያ ብቻ መጽዳት እንዳለበት፣ ኤክስ የሚለውም አቧራውን ከመምጠጥና በቀስታ ከመጥረግ በቀር ምንም እንዳይነካው ያመለክታል። ይህን ሳያዩ ባልዲ ማንሣት ትልቅ ስሕተት ነው።

እድፍ በፈሰሰ ጊዜ እጅ ሁሉ ለመፈተግ ይቸኩላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እዚህ ላይ ነው። ቡና ወይም ጠጅ የፈሰሰበት ወንበር በደረቅ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ ይመጠጥ እንጂ አይፈተግ፤ ከዳር ወደ መካከልም ይሠራ፤ ከመካከል ወደ ዳር የሄደ እድፍ ይሰፋልና። ወጥ የተንጠባጠበ እንደ ሆነ አስቀድሞ በደነዘ ማንኪያ ይነሣ። የቅቤ ቅባት የራስጌውን ያቀባው እንደ ሆነ እጅግ የላመ የበቆሎ ዱቄት ተነስንሶበት አንድ ሌሊት ያድርና በማግሥቱ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። የሻማ ወይም የጧፍ ሰም ሲንጠባጠብ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ በማንኪያ ጀርባ ተፈርፍሮ ከተነሣ በኋላ የቀረው ወረቀት ተደርጎበት ለብ ባለ ካውያ ይመጠጣል። ደም፣ ወተትና እንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይነኩ፤ ሙቅ ውኃ ያረጋቸውና ከልብሱ ጋራ ያጣብቃቸዋል። ጥቀርሻ የነካው ልብስ ደግሞ ጥቀርሻው በደረቁ ሳይራገፍ ከቶ አይርጠብ።

ስለ ሳሙና ጥቂት እንጨምራለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን ነጭ ልብሳቸውን ያጥቡበት የነበረው እንዶድ ዛሬም አልተረሳም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የብልሃርዝያን በሽታ ለመከላከል የሚጠቅም መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። ለባና አጠባ እንዶድ ወይም ሶዳ ያልበዛበት ለስላሳ ሳሙና ለብ ባለ ውኃ ይበቃል፤ አጠባውም በመጭመቅ ይሁን እንጂ በማሸት አይሁን። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይገባል፤ የቀረ ሳሙና አዲስ አቧራ ይስባልና። እንዶድ ግን ዓሣን ስለሚገድል ዕጣቢው ወደ ወንዝ አይደፋ።

በአሁኑ ዘመን በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ከመኪና ጋራ ተጣምሯል። አቧራ የሚመጥጥ መኪናን በእንግሊዝ አገር የሠራው ኢንጂነር ሁበርት ሴሲል ቡዝ ነው፤ ሥራውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ተጀመረ። በማግሥቱ ዓመት ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ የጸዳው በዚህ መኪና ነበር። ለዚሁ በዓል ልዑል ራስ መኰንን ከዳግማዊ ምኒልክ ተልከው ለንደን ሄደው እንደ ነበር ይታወቃል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ሶፋና ምንጣፍ የሚያጥቡ ባለሙያዎች የሚይዙት ውኃ ረጭቶ ወዲያው መልሶ የሚመጥጥ መኪና ነው። ሠራተኛው በእጁ የሚይዘው የመኪናው አፍ ለወንበር ሲሆን ወርዱ ጠባብ፣ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ለወለል የተሠራው ሰፊ አፍ የወንበርን ክንድና ጥግ አይከተልም፤ ውኃም ይተዋል። በአፉ ላይ የሚያሳይ መስተዋት ያለበት እንደ ሆነ የሚወጣው ውኃ ሲጠራ ስለሚታይ መቼ ማቆም እንደሚገባ ያስታውቃል። አያያዙም እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ውኃ እየረጩ ከተሳበ በኋላ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ውኃው ተዘግቶ እየመጠጠ ይሳብ። አፉ ከልብሱ ጋራ ጠፍ ብሎ ይግጠም፤ ከተነሣ ነፋስ እንጂ ውኃ አይመጥም። ከመኪናው ኃይል ይልቅ የእጁ ዝግታ ሥራውን ያሳምረዋል።

ሠራተኛ የሚያስመጣ ባለቤትም ሳይጠይቅ አያሠራ። ብሩሹን በመዳፉ ጀርባ ይፈትን፤ ቆዳን የሚጭር ብሩሽ ከፋይንና ሐርን ይጎዳል። በየትኛው ስፍራ አስቀድሞ እንደሚፈትን፣ ወንበሩም በስንት ሰዓት እንደሚደርቅ ይጠይቀው። ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ዋጋው ቢረክስም በመጨረሻ ውድ ይሆናል። የታጠበ ወንበር መስኮት ተከፍቶለት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ሰው አይቀመጥበት።

ጊዜውንም መምረጥ ይገባል። በመንዝና በግሼ ደጋ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙና ጉሙ ስለሚበዛ ባና ቢታጠብ አይደርቅም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ግን ፀሐዩና ነፋሱ አብረው ያግዛሉ። ሞቃት በሆነው በመርሐቤቴ ቆላ፣ በጀማና በወንጪት ሸለቆ፣ ልብስ ቶሎ ይደርቃል፤ ይሁን እንጂ የተቀለመ ልብስ በቀትር ፀሐይ ቀለሙ ስለሚለቅ በጥላ ሥር ይሰጣ።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ዕቃ ሲቈጠር ብዙ አይደለም፤ አንድ የፈረስ ጭራ ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ ሚዶ፣ የደነዘ ማንኪያ፣ የተላገ ዘንግና ጥቂት ነጭ ጨርቅ ነው። እነዚህ በአንድ ቅርጫት ተሰብስበው ለብቻ ይቀመጡ፤ ወለል የተጠረገበት ወይም ጫማ የተወለወለበት ብሩሽ ከእነርሱ ጋራ አይደባለቅ። ከሥራ በኋላም ታጥበው፣ ጠጉራቸው ወደ ታች ሆኖ ይድረቁ። መሣሪያው ንጹሕ ያልሆነ ሰው እድፍን ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያጸዳም። ባናውን የፈተሉትን እጆች ድካም የሚያከብር ቤት፣ በመሣሪያው ምርጫ ያስታውቃል።