ስለ ሕዝብ ትምህርት፥ ስለ ሥልጠናና ስለ መጻሕፍት ቤት ዓላማ ለጣና ዳር መምህራንና ሽማግሌዎች የተሰጠ መግለጫ



መንግሥት ትምህርት ቤት የሚሠራው፥ ሥልጠና የሚሰጠውና መጻሕፍት የሚያከማቸው ስለ ምን እንደ ሆነ በየስብሰባው ሲጠየቅ ይሰማል። አንዱ፥ «ልጆች ደመወዝተኛ እንዲሆኑ ነው» ይላል፤ ሌላውም፥ «ከበላይ ስለ ታዘዘ ነው» ይላል። ይህ መልስ ግን ጐደሎ ነው። ስለዚህ የክልሉ መንግሥት ከሕዝብ ትምህርት የሚፈልገው ፍሬ ምን እንደ ሆነ በዚህ አጭር ጽሑፍ በየተራው እንገልጣለን። ትምህርት፥ ሥልጠናና መጻሕፍት ቤት እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ከጐደለ ድስቱ አይቀመጥም።

1ኛ፤ ስለ ትምህርት።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጹ፥ የአገሪቱ ዐቅም በፈቀደ መጠን ትምህርት ለኢትዮጵያውያን ሁሉ እንዲዳረስ፥ አሰጣጡም ከሃይማኖት ተጽዕኖ፥ ከፖለቲካ ወገንተኛነትና ከባህል አድልዎ ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓላማ የባለጠጋውና የድኻው፥ የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ፥ ወንዱም ሴቲቱም፥ ባንድ ሰሌዳ ፊት እንዲቀመጡ ነው። በክልላችንም ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፥ በኽምጣኛና በኦሮምኛ በየአፋቸው የሚማሩ ሕፃናት አሉ፤ ልጅ አስቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ ፊደል ቢቈጥር ቶሎ ይገባዋልና።

ይሁን እንጂ ትምህርት ባገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከፊደል እስከ ዳዊት በንባብ ቤት የተማረ ልጅ፥ ድጓ ሲሻ ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ሲሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔ ሲሻ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ አኰፋዳውን አንግቶ ይጓዝ ነበር፤ ዛሬም የሚጓዝ አለ። ይህን የምጽፍ እኔም በዚያው መንገድ ያደግሁ ነኝ። ከዚያ ትምህርት ለመንደር ትምህርት ቤት የሚጠቅም አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ቀድሞ የተማረው ተማሪ ታናሹን ማስቀጸሉ ነው። መምህሩ አንድ፥ ተማሪው ብዙ ሆኖ ሳለ ጉባኤው የማይፈታው ስለዚህ ነው።

ይህን ልማድ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነት፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በግጭት ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ ትምህርቱ ዐብሮ እንዳይዘጋ፥ በየመንደሩ ማንበብ የሚችል ሰውና የሚነበብ መጽሐፍ ሊኖር ይገባል።

2ኛ፤ ስለ ሥልጠና።

ሥልጠና ማለት ዕውቀት ወደ እጅ ሲወርድ ነው። በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋራ በተደረገ ስምምነት የመምህራን ትምህርት አካዳሚ ተቋቋመ፤ ሥራውም ሕፃናትን ብቻ ሳይሆን ጎልማሶችንም የሚያስተምሩ ባለሙያዎችን ማውጣት ነበር። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ጎልማሳ ፊደልን ከኑሮው ጋራ አያይዞ እንዲማር ይፈልጋልና። ምሳሌውን ከጣና እንውሰድ። ከሐይቁ ዓሣዎች አንዳንዱ ዘር በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ወጥቶ ዕንቁላሉን ይጥላል። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረቡን የሚዘረጋ ሰው የነገውን ዓሣ ዛሬ ይጨርሳል። እንደዚሁም በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ፥ ተነቅሎ በውኃው ዳር ቢተው መልሶ ይበቅላል። ይህን ዓሣ አጥማጁም ገበሬውም ከመምህር አንድ ጊዜ ይሰማል፤ ሲረሳው ተመልሶ የሚያየው ግን በጽሑፍ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ሥልጠና ያለ መጽሐፍ ዕድሜው አጭር ነው።

3ኛ፤ ስለ መጻሕፍት ቤት።

በክብራን ገብርኤል፥ በዳጋ እስጢፋኖስና በሌሎቹም ገዳማት አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን በዕቃ ቤት አኑረው ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀዋል። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ የውጭ አገር ሊቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 ከጣና ገዳማት መጻሕፍት የክብራንን ዝርዝር ባሳተሙ ጊዜ፥ እነዚህ መጻሕፍት በሩቅ አገር ላሉ ተመራማሪዎችም ታወቁ። የጠባቂዎቹ ውለታ ትልቅ ነው። ነገር ግን የገዳም ዕቃ ቤትና የሕዝብ መጻሕፍት ቤት ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሴቶች እንዳይገቡ የገዳሙ ሥርዐት ይከለክላል፤ የሕዝብ መጻሕፍት ቤት በር ግን ለወንድም ለሴትም ክፍት ነው። ዕቃ ቤት አንድ የሆነ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ የሕዝብ መጻሕፍት ቤት የታተመው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር ያደርጋል። ዩኔስኮ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1949 ስለ ሕዝብ መጻሕፍት ቤት ባወጣው መግለጫ፥ አገልግሎቱ ለሰው ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲሆን ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

ይህን ልዩነት ባለ ማወቅ የደረሰውን ጥፋት በዐይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ንብረት ቈጥሬ እንድመዘግብ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተልኬ ነበር። በመዝገቡ ላይ መጻሕፍቱ አንድም ሳይጐድል ተጽፈዋል፤ ሣጥኑ ሲከፈት ግን የታችኞቹን ምስጥ በልቷቸው ከልባሳቸው በቀር የቀረ አልነበረም። ጠባቂውን ብጠይቀው፥ «ጌታዬ፥ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቈረጣል ብዬ ለማንም አላወጣሁም» አለኝ። ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። እኔም የሄድሁት መጻሕፍቱን ለመቍጠር ነበርና፥ ማን እንዳነበባቸው የሚጠይቅ ቦታ በወረቀቴ ላይ አልነበረም።

ያነበበ ሰው የሚያነበው ሲያጣ ፊደሉን ይረሳል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ማንበብን ተማረ፤ ትምህርቱም እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 አገራችን ስለዚሁ ሥራ በዓለም ፊት ተሸለመች። በብዙ የገበሬ ማኅበርም የንባብ ቤት ተቋቁሞ ነበር። ዘመቻው ሲያልፍ የንባብ ቤቱ በተዘጋበት ስፍራ ግን፥ የምስክር ወረቀቱን በግድግዳ ሰቅሎ ስሙን ብቻ መጻፍ የቀረለት አባት ስንቱ ነው!

የባሕር ዳር ከተማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዩኔስኮ ዘወትር ለሚማሩ ከተሞች የሰጠውን ሽልማት ካገኙት 12 ከተሞች አንዷ ሆናለች። ይህ ክብር ከከተማው ወጥቶ ወደ መንደሩ ይደርስ ዘንድ ትልቅ ቤትና ብዙ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚከተሉት አራት ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛ፤ መጻሕፍቱ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ፥ ከግድግዳው ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ በየወሩም ይታዩ።

ሁለተኛ፤ የመጽሐፉ ስም፥ የተዋሰው ሰው ስምና የሚመለስበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ መፈረም የማይችል ሰው ልጁን ወይም ጎረቤቱን ምስክር ያድርግ።

ሦስተኛ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሰው በሚሰበሰብበት ጊዜ ከዋርካው ጥላ ሥር አንድ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ማንበብ የማይችለው በጆሮው ይማራል፤ የሚያነበውም ልጅ በሽማግሌዎች ፊት ይበረታል።

አራተኛ፤ በማንበብ ብዛት ላረጀ መጽሐፍ ጠባቂው አይጠየቅ። የጠፋ ቢኖር መምህሩ፥ አንድ ሽማግሌና አንድ የተማሪ ወላጅ ዐብረው ይመርምሩት፤ ያለ ጥፋቱም ደመወዙ እንዳይቈረጥ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ያስታውቁለት። ፍርሃት ከሣጥኑ ላይ ካልተነሣ ቍልፉ አይከፈትም።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለውም የሚወረሰው ሲነበብ ነው። ስለዚህ፥ ክቡራን መምህራንና ሽማግሌዎች፥ በዓመቱ መጨረሻ ንብረት ቈጣሪ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሲመጣ፥ ስንት መጽሐፍ እንዳለ ከነገራችሁት በኋላ የውሰቱን መዝገብ ገልጣችሁ መጻሕፍቱ ስንት ጊዜ እንደ ወጡ አሳዩት። የሕዝብ ትምህርት ዓላማ መፈጸሙ የሚታወቀው ከዚያ ላይ ነው።