የጉዋምን ወፎች የጨረሰው እባብ

ጫካ ገብቶ የወፍ ድምፅ ማጣት ምን ይመስላል? በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘውና በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ባለችው የጉዋም ደሴት ይህ የተለመደ ነገር ሆኗል። ለዚህ ያበቃት ድርቅ ወይም እሳት ሳይሆን፣ ዛፍ ላይ የሚኖር አንድ ቀጭን ቡናማ እባብ ነው።

የእባቡ አገር ኒው ጊኒ፣ አውስትራሊያና በአቅራቢያቸው ያሉ ደሴቶች ናቸው። ጉዋም የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ባሉት ዓመታት፣ በወታደራዊ ጭነት ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ይታመናል። የደሴቲቱ ወፎች እንዲህ ያለ ጠላት አያውቁም ነበርና እባቡ ሌሊት እየወጣ እንቁላሉንም፣ ጫጩቱንም፣ እናቲቱንም ዋጠ።

ወፎቹ መመናመናቸው ሲታወቅ በመጀመሪያ የተጠረጠሩት ፀረ ተባይ መድኃኒትና በሽታ ነበሩ። ጁሊ ሳቪጅ የተባሉ ተመራማሪ ጥፋተኛው እባቡ መሆኑን ያሳየውን ጥናታቸውን በ1987 ሲያሳትሙ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከ12ቱ ነባር የደን ወፎች 10ሩ ከደሴቲቱ ደን ጠፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

መዘዙ በወፎቹ ብቻ አላበቃም። ፍሬ በልተው ዘር የሚበትኑት ወፎች ስለሌሉ ዛፎቹ ራሳቸውን መተካት አቅቷቸዋል። ወፍ ይበላው የነበረው ሸረሪትም ደኑን በድሩ ሞልቶታል። እባቡ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ እየወጣ መብራት ያጠፋል።

እባቡን ለማጥፋት ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ የሚያስገርም ነው። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ለእርሱ መርዝ ስለሆነ፣ 80 ሚሊ ግራም የያዙ የሞቱ አይጦች ከሄሊኮፕተር ይጣሉለታል። እባቡ ወደ ሃዋይና ወደ ሌሎች ደሴቶች እንዳይሻገርም ጭነት በሠለጠኑ ውሾች ይፈተሻል።

ተስፋ የሚሰጥ ወሬም አለ። ሲሄክ የሚባለው የጉዋም ዓሣ አጥማጅ ወፍ በ1988 ከዱር ቢጠፋም፣ ቀደም ብለው የተያዙት ጥቂቶች በአሜሪካ መካነ እንስሳት ተራቡ። በ2024 ከእነዚህ ዝርያ 9ኙ እባብ በሌለባት በፓልማይራ ደሴት ተለቀቁ። ወደ ገዛ አገራቸው ግን ገና አልተመለሱም፤ እባቡ አሁንም እዚያ ነውና።

አንድ ጭነት በወቅቱ ቢፈተሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለጉዋምም ይሠራ ነበር እንላለን።