ሪዝሊንግ ዜክት፦ ኪስ የማይጎዳው የጀርመን አረፋማ ወይን

እ.ኤ.አ. በ1902 የጀርመኑ ካይዘር ዳግማዊ ቪልሄልም መንግሥት ለባሕር ኃይሉ ገንዘብ ሲያፈላልግ በአረፋማ ወይን ላይ ቀረጥ ጣለ። የካይዘሩ መርከቦች ከጠፉ መቶ ዓመት አልፏል፤ ቀረጡ ግን በመካከሉ ለጥቂት ዓመታት ከመቋረጡ በቀር ዛሬም ይከፈላል። በ0.75 ሊትር ጠርሙስ 1.02 ዩሮ ነው፤ ለርካሹም ለውዱም እኩል።

ዜክት፣ ማለትም የጀርመን አረፋማ ወይን፣ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል። በ3 ዩሮ ከሚሸጥ ጠርሙስ ላይ ይህ ቀረጥና የሽያጭ ታክሱ ሲቀነሱ ግማሹ ገደማ ብቻ ይተርፋል። ጠርሙሱ፣ ቡሹ፣ ማጓጓዣው፣ የነጋዴው ትርፍና ወይኑ ራሱ የሚሸፈኑት ከዚያች ነው። ስለዚህ ብዙው ርካሽ ዜክት ከጣሊያን፣ ከስፔን ወይም ከፈረንሳይ በመጣ ወይን በትልልቅ ታንኮች ይዘጋጃል። 12 ዩሮ ገደማ የሚከፍል ሰው ግን የሚከፍለው ቀረጥ ያው ስለሆነ፣ ጭማሪው በአብዛኛው ለተሻለ ወይን ይውላል። ለእኔ እውነተኛው ርካሽ ይኸኛው ነው።

በዚህ ዋጋ የሚፈለገው «ሪዝሊንግ» እና «ቪንዘርዜክት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ነው። ቪንዘርዜክት የሚባለው ገበሬው ከራሱ ማሳ በለቀመው ወይን የሚያዘጋጀው ነው። ሁለተኛው ፍላት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ይካሄዳል፤ ወይኑም ከእርሾው ጋር ቢያንስ 9 ወር ይቆያል። ከፍላቱ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ስለሌለው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ከመኪና ጎማ ግፊት እጥፍ በላይ ይደርሳል፤ ጠርሙሱ ወፍራም የሆነውም ለዚህ ነው። ሪዝሊንግ ደግሞ ዘግይቶ የሚበስል የወይን ዘር ነው። በሞዘል ወንዝ ገደላገደል ላይ ሲበስል እንኳ ጉምዛዜውን አይለቅም፤ አረፋማ ወይንን ሕያው የሚያደርገውም ይኸው ጉምዛዜ ነው።

የጣፋጭነት መጠኑን ሳያነቡ መግዛት ግን አይገባም። «ብሩት» በሊትር ከ12 ግራም በታች ስኳር አለው፤ «ኤክስትራ ትሮከን» ከ12 እስከ 17፤ «ትሮከን» ደግሞ ከ17 እስከ 32 ግራም። ትሮከን የሚለውን ስኳር አልባ መስሎት የሚገዛ ሰው ጣፋጭ ወይን ይዞ ይገባል።

ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። ሲከፈት ቡሹን አጥብቆ ይዞ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ድምፁ ባነሰ ቁጥር ጋዙ ይተርፋል። ጠባቡ ቀጭን ብርጭቆ ሽታውን ስለሚያፍን የነጭ ወይን ብርጭቆ ይሻላል። መጀመሪያ አረንጓዴ ፖምና ሎሚ ይሸታል፤ ትንሽ ሞቅ ሲል ኮክ፣ ከሥሩም ትኩስ ዳቦ የመሰለ የእርሾ ሽታ ይመጣል። የዳቦው ሽታ ፍሬውን ከሸፈነው ሪዝሊንግነቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ጀርመኖች በጸደይ ከነጭ አስፓራገስ፣ በሌላው ጊዜ ከታጠነ ትራውት ዓሣ ጋር ይጠጡታል። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው በዘይት የተጠበሰን ነገር ነው፤ የድንች ቂጣ ወይም ዓሣ ጥብስ። ብሩቱ ቅባቱን ከምላስ ላይ ያነሣዋል፤ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጥማል። ፍራንክፈርት ወይም ሌላ የጀርመን ከተማ ውስጥ አዋዜ ጥብስ ለሚያቀርብ አበሻ ግን ብሩት አይሆንም። አረፋውና ጉምዛዜው የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሱታል፤ የኤክስትራ ትሮከኑ ትንሽ ስኳር ግን ያበርደዋል። ለኬክም ቢሆን ብሩት አይስማማም፤ ከጣፋጭ ጋር ሲቀመስ ይመርራል።